ብር የሚወለድባቸውና የሚጠፋባቸው ዓምዶች፦ የገንዘብ ፖሊሲን ከሰሜን ሸዋ ገበያ ሆኖ ለመከታተል ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስለ ገንዘብ የሚያወራውን ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ይዘውት ያልፋሉ። የገንዘብን ተግባራት፣ የማዕከላዊ ባንክን መሣሪያዎች፣ የገንዘብ አባዢውን ቀመር ይደረድራሉ። የብሔራዊ ባንክ መግለጫ በሬዲዮ ሲነበብ ግን የተማሩትና የሚሰሙት አይገናኝላቸውም። በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ የሚሠራ ነጋዴም መግለጫውን ይሰማል፤ ነገር ግን ባንኩ ብድር የከለከለው በዚያው መግለጫ ምክንያት መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም።

ሁለቱንም የሚያግዝ አንድ ልማድ አለ፦ ስለ ገንዘብ የሚነገረውን ሁሉ ሁለት ዓምድ አስምሮ መጻፍ። በግራ ሀብት፣ በቀኝ ዕዳ። ዛሬ የምንገለገልበት ብር ሁሉ የአንዱ ሀብት፣ የሌላው ዕዳ ነው። ይህን ጽፎ ያየ ሰው ቀሪውን ምዕራፍ ራሱ ሊያወጣው ይችላል ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው መስመር ያለው ደብተር፣ እስክሪብቶና የሒሳብ ማሽን ብቻ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ፤ በተለይ ሦስተኛውን ሳትጽፉ አትለፉ።

ደረጃ 1፦ ገንዘብ የሆነውን ካልሆነው ለዩ

በቤታችሁ ያለውን ንብረት ዘርዝሩ። በኪስ ያለ የብር ኖት፣ በባንክ ያለ ተቀማጭ፣ በቴሌብር ያለ ቀሪ ሒሳብ፣ በጎተራ ያለ ገብስ፣ በበረት ያለ በግ፣ ያልደረሳችሁ የዕቁብ ገንዘብ። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ጥያቄ ጻፉ። በዚህ ነገር ሱቅ ሄጄ መክፈል እችላለሁ? የሌላው ዕቃ ዋጋ የሚነገረው በዚህ ነው? እስከ ከርሞ ባስቀምጠው ዋጋውን ይይዝልኛል?

የመንዝ በግ ሦስተኛውን ጥያቄ ከብር ኖት በተሻለ ሊመልስ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን አይመልስም። ስለዚህ ሀብት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ያልደረሰ ዕቁብ በአባላቱ ላይ ያላችሁ መብት ነው፤ በእርሱ ዘይት መግዛት አይቻልም። የባንክ ተቀማጭ በሞባይል ወይም በዝውውር ስለሚከፈልበት ገንዘብ ነው። የቴሌብር ቀሪ ሒሳብም በተግባር እንደ ገንዘብ ያገለግላል።

አካባቢያችን ለዚህ ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለው። ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ትልቅ የንግድ ማዕከል ነበር። እዚያ የሚሸመተው በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ነው። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ ስለሚመጣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይሟሟል። የማርያ ቴሬዛ ብር 1780 የሚል ዓመት እንደተቀረጸበት ለብዙ አሥርት ዓመታት በባሕር ማዶ ይመታ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በገበያቸው የሚዘዋወረውን ብር መጠን የሚወስኑበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ብሩ የሚበዛው ንግዱ ካመጣው፣ የሚያንሰው ደግሞ ንግዱ ከወሰደው ነው። አሞሌም ሆነ የብር ሳንቲም በራሱ ዕቃ ስለነበር የማንም ዕዳ አልነበረም። የዛሬው ብር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱን የምናየው ደግሞ በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ሦስት የሀብትና የዕዳ መግለጫዎችን አስምሩ

በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ ሦስት ሠንጠረዥ ሥሩ፦ የእናንተ ቤተሰብ፣ የእናንተ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ። ከዚያ እነዚህን አራት ነገሮች በየቦታቸው አስገቡ።

የብር ኖት፦ በቤተሰቡ ሀብት ላይ፣ በብሔራዊ ባንክ ዕዳ ላይ።
የባንክ ተቀማጭ፦ በቤተሰቡ ሀብት ላይ፣ በባንኩ ዕዳ ላይ።
ብድር፦ በባንኩ ሀብት ላይ፣ በቤተሰቡ ዕዳ ላይ።
መጠባበቂያ፣ ማለትም ባንኩ በብሔራዊ ባንክ ያለው ሒሳብ፦ በባንኩ ሀብት ላይ፣ በብሔራዊ ባንክ ዕዳ ላይ።

እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ መጻፉን አረጋግጡ። አንድ ቦታ ብቻ የቀረ ካለ ስህተቱ እዚያ ነው። ብዙ ተማሪ ተቀማጭን የባንኩ ሀብት አድርጎ ይጽፋል፤ ገንዘቡ በባንኩ ካዝና ያለ ስለሚመስለው። ተቀማጩ ግን ባንኩ ስትጠይቁት ሊከፍላችሁ ግዴታ የገባበት ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እናንተ የምትጠቀሙበት ገንዘብ ኖትና ተቀማጭ ነው። ባንኮች እርስ በርሳቸው የሚከፋፈሉበት ገንዘብ ደግሞ መጠባበቂያ ነው፤ እናንተ በእጃችሁ አትነኩትም። ኖትና መጠባበቂያ ሲደመሩ መሠረታዊ ገንዘብ ይባላሉ፤ ሁለቱም የብሔራዊ ባንክ ዕዳዎች ናቸው። ብሔራዊ ባንክ በቀጥታ የሚያዝዘው መሠረታዊውን ገንዘብ ብቻ ነው። ተቀማጩን የሚፈጥሩት የንግድ ባንኮች ናቸው።

በአገራችን ይህ ክፍፍል ሁልጊዜ አልነበረም። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. ያስከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ ኖት የማውጣት መብትም፣ የንግድ ባንክ ሥራም በአንድነት ነበረው። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩት ብሔራዊ ባንክ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው።

ደረጃ 3፦ ብድር ገንዘብ ሲወልድ ተከታተሉ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። በሚንጃር አረርቲ ያለ የጤፍ ነጋዴ ከባንኩ 500,000 ብር ተበደረ እንበል። ባንኩ ምን ይጽፋል? በሀብት ዓምዱ ብድር 500,000 ይጨምራል፤ በዕዳ ዓምዱ የነጋዴው ተቀማጭ 500,000 ይጨምራል። ጻፉትና የሌሎቹን አስቀማጮች ሒሳብ ተመልከቱ። የአንዳቸውም አልቀነሰም። በአገሩ ውስጥ ትናንት ያልነበረ 500,000 ብር ዛሬ ተፈጥሯል።

ባንክ የአንዱን ቁጠባ ወስዶ ለሌላው ያበድራል የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን አይታይም። የሚታየው ባንኩ ሲያበድር ተቀማጭ መፍጠሩ ነው። ቁጠባው የሚያስፈልገው በሚቀጥለው እርምጃ ነው።

ነጋዴው ለገበሬዎቹ ከፈለ፤ ገበሬዎቹ ሒሳባቸው በሌላ ባንክ ነው። የነጋዴው ባንክ ተቀማጭ በ500,000 ይቀንሳል፤ መጠባበቂያውም በ500,000 ይቀንሳል። በገበሬዎቹ ባንክ ሁለቱም ይጨምራሉ። በብሔራዊ ባንክ ዓምድ ላይ የተለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው፤ ጠቅላላው መጠባበቂያ እንዳለ ነው። ስለዚህ የነጋዴው ባንክ ብድሩን ሲሰጥ የሚያስፈራው ተቀማጭ መፍጠሩ ሳይሆን ክፍያው ወደ ሌላ ባንክ ሲሄድ የሚያጣው መጠባበቂያ ነው። ባንኮች ለቁጠባ የሚሻሙት ለዚህ ነው።

ገበሬዎቹ ገንዘቡን በጥሬው ካወጡትስ? የባንካቸው መጠባበቂያ ይቀንሳል፤ በብሔራዊ ባንክ የዕዳ ዓምድ መጠባበቂያው ወደ ኖት ይለወጣል። ነጋዴው ጤፉን ሸጦ ዕዳውን ሲከፍል ደግሞ ብድሩም ተቀማጩም በአንድነት ይሰረዛሉ። የተወለደው ብር ጠፋ ማለት ነው። ይህን መጨረሻ ሳትጽፉ አትቁሙ፤ ብድር ሲከፈል ገንዘብ እንደሚቀንስ ያልገባው ሰው የብድር ገደብ ለምን የዋጋ ንረትን እንደሚያበርድ አይገባውም።

አሁን ወደ መጽሐፉ ቀመር ተመለሱ። የግዴታ መጠባበቂያው፣ ማለትም ባንኩ ከተቀማጩ በመጠባበቂያ መልክ ሊይዘው የሚገደደው ድርሻ፣ 10 በመቶ ከሆነ አባዢው፣ ማለትም በአንድ ብር መሠረታዊ ገንዘብ ላይ የሚቆመው ጠቅላላ ገንዘብ፣ 1 ሲካፈል ለ0.10፣ ማለትም 10 ነው ይላል። ይህ ሰው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ፣ ባንክም ትርፍ መጠባበቂያ ሳይኖረው ብቻ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ሰው ለእያንዳንዱ 100 ብር ተቀማጭ 25 ብር በጥሬው የሚይዝ ከሆነ ቀመሩ (1 + 0.25) ሲካፈል ለ(0.10 + 0.25)፣ ማለትም 1.25 ሲካፈል ለ0.35 ይሆናል፤ ውጤቱ 3.57 ገደማ ነው። በገጠር ገበያ ጥሬ ገንዘብ በሚበዛበት አገር ሁለተኛውን ቀመር መማር ይበልጥ ይጠቅማል። መምህሩ የመጀመሪያውን ብቻ ከሰጣችሁ ሁለተኛውን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ መሠረታዊ ገንዘብ የሚገባባቸውን በሮች ቁጠሩ

በብሔራዊ ባንክ ሠንጠረዥ የዕዳ ዓምድ ሲያድግ የሀብት ዓምድም አብሮ ማደግ አለበት። ስለዚህ የሀብቱን ዓምድ ብቻ በማየት አዲስ ብር በየት እንደገባ ማወቅ ይቻላል። ዋናዎቹ በሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪና ወርቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ሲገዛ በብር ይከፍላል፤ ወርቁ በሀብት፣ አዲሱ ብር በዕዳ ይመዘገባል። ሁለተኛው ለንግድ ባንኮች የሚሰጠው ብድር ነው። ሦስተኛው ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ነው።

በሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ተበድሮ ለሥራ ተቋራጭ ሲከፍል የተቋራጩ ተቀማጭ ያድጋል፤ የባንኩ መጠባበቂያም ያድጋል። ግብር ሲሰበሰብ ግን ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው ስለሚከፈል አዲስ ብር አይፈጠርም። መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሽጦ ከሕዝብ ቢበደርም እንዲሁ ነው። በቀጥታ ብድር የተገነባው መንገድ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በገበያው ላይ ያለው ጤፍና ዘይት በዚያው ልክ ካልጨመረ ተጨማሪው ብር ዋጋ ላይ ያርፋል። ለብዙ ዓመታት የዋጋ ንረታችንን ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ በር ነበር። አንድ ፖሊሲ አውጪ ስለ ንረት ሲናገር ስለዚህ በር ካላነሳ ንግግሩ ጎድሏል ማለት ነው።

ለግምት የሚረዳ ቀላል ሒሳብ አለ። የገንዘብ አቅርቦት በዓመት 25 በመቶ ቢያድግ፣ ምርት 7 በመቶ ቢያድግ፣ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት ፍጥነት ባይለወጥ ዋጋ ወደ 17 ወይም 18 በመቶ ይጨምራል። ሦስተኛው ግምት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሰው ብሩ ነገ ዋጋ ያጣል ብሎ ሲሰጋ ዛሬውኑ በግ ወይም ቆርቆሮ ይገዛበታል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ንረቱም ከሒሳቡ ያልፋል።

ደረጃ 5፦ መግለጫውን ከዓምዶቹ ጋር አያይዛችሁ አንብቡ

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወለድን መሠረት ወዳደረገ የገንዘብ ፖሊሲ ተሸጋገረ። የፖሊሲ ወለድ ተመኑን፣ ማለትም የባንኮችን የአጭር ጊዜ ወለድ ለመምራት የሚያውጀውን ተመን፣ 15 በመቶ አድርጎ ጀመረ፤ ባንኮች ትርፍ መጠባበቂያቸውን በብሔራዊ ባንክ ሲያስቀምጡ 12 በመቶ፣ ሲጎድላቸው ሲበደሩ 18 በመቶ ተደረገ። ለምን ሁለት ዳር? ትርፍ ያለው ባንክ ከብሔራዊ ባንክ 12 እያገኘ ለሌላ ባንክ በ10 አያበድርም። የጎደለው ባንክም በ18 መበደር እየቻለ ለሌላ ባንክ 20 አይከፍልም። ስለዚህ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ በሁለቱ መካከል ይቆያል። ይህን በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የባንኮች የእርስ በርስ ገንዘብ ገበያ በተግባር ያሳያል።

መግለጫው ብሔራዊ ባንክ ጨረታ አውጥቶ ከባንኮች ገንዘብ ሰበሰበ ካለ፣ የባንኮቹ መጠባበቂያ ቀንሶ በምትኩ ወለድ የሚያስገኝና ቀኑ ሲደርስ ከብሔራዊ ባንክ የሚመለስላቸው የገንዘብ መብት ያዙ ብላችሁ ጻፉ። ገንዘብ ለቀቀ ካለ ገልብጡት። የግዴታ መጠባበቂያ ለውጥ ከዚህ ይለያል፤ የመጠባበቂያው መጠን አይለወጥም፣ ባንኩ ሊነካው የማይችለው ድርሻ ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ግዴታው ከ5 ወደ 10 በመቶ ሲያድግ የሆነው ይህ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ነጋዴ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው መስመር የብድር ዕድገት ገደቡ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ባንክ የሚሰጠው ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተወስኖ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ይህ ገደብ ደረጃ 3 ላይ የጻፋችሁትን ብድርና ተቀማጭ በቀጥታ ያስቆማል። ባንኩ መጠባበቂያ ቢኖረውም፣ ማስያዣችሁ በቂ ቢሆንም፣ ወለዱም ባይለወጥ የዓመቱን ድርሻውን ከጨረሰ ማበደር አይችልም። በእኔ አስተያየት ገደቡ ንረቱን ለማብረድ ረድቷል፤ ዋጋውን ግን በአብዛኛው የከፈለው ከትልልቅ ደንበኞች ኋላ የሚሰለፈው አነስተኛ ነጋዴ ነው። ብድር ስትጠይቁ «ዘንድሮ የቀራችሁ የብድር መጠን አለ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የበጀት ዓመቱ ከመጠናቀቁ በፊት ባሉት ወራት ድርሻው ሊያልቅ ስለሚችል ማመልከቻችሁን ቀደም አድርጋችሁ አስገቡ።

አኃዞቹ ከስብሰባ ስብሰባ ስለሚለወጡ የምትሠሩበት ቁጥር የቅርቡ መግለጫ ላይ ያለው ይሁን።

ደረጃ 6፦ የቁጠባችሁን እውነተኛ ወለድ አስሉ

ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 አገኘ። በ100,000 ይገዛ የነበረው ሸቀጥ ግን 130,000 ሆነ። 107,000ን ለ130,000 ስታካፍሉ 0.823 ይሆናል፤ የመግዛት አቅሙ ወደ 17.7 በመቶ ቀንሷል። በመቀነስ ብቻ የሚሠራው አቋራጭ 23 ያሳያል፤ ንረቱ ዝቅ ሲል ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ከፍ ሲል ይራራቃሉ፣ ስለዚህ አካፍሉ።

ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ንረት የሚበላውን ግን የሚሸፍን መድን የለም። የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ በድርድር ከ7 በመቶ በላይ ሊከፈልበት ይችላል፤ ሳትጠይቁ አታስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁን የዋጋ መለኪያ ሥሩ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው አኃዝ የአገር አማካይ ነው። የቤታችሁን ለማወቅ በወር አንድ ቀን፣ በአንድ ገበያ፣ የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ መዝግቡ። ከጠቅላላ ወጪያችሁ የያዘውን ድርሻም ጻፉ። ለምሳሌ ያህል ጤፍ 40 በመቶ ድርሻ ይዞ በዓመት 20 በመቶ ቢወደድ 8 ነጥብ ያዋጣል። ዘይት 15 በመቶ ይዞ 30 ቢወደድ 4.5፤ ሽንኩርት 10 በመቶ ይዞ 50 ቢወደድ 5፤ ቀሪው 35 በመቶ 10 ቢወደድ 3.5። ድምሩ 21 በመቶ ነው።

አሁን ሽንኩርቱን አውጡና እንደገና አስሉ፤ 16ን ለ0.9 ስታካፍሉ 17.8 ይሆናል። ለምን እናወጣዋለን? የሽንኩርት ዋጋ በመስኖ ውኃ፣ በክረምት፣ በመንገድ መዘጋት የሚዋዥቅ ነው። ከሸዋ ሮቢት የሚወጣ ጭነት በጣርማ በር መንገድ ላይ ሲቆም በደብረ ብርሃን ሽንኩርት ይወደዳል፤ ይህን የፖሊሲ ወለድ አያስተካክለውም። ሽንኩርቱ ወጥቶም ንረቱ ከፍ ካለ ግን ችግሩ ከአንድ ሰብል የሰፋ ነው። ሁልጊዜ ጥርን ከአምናው ጥር፣ ሐምሌን ከአምናው ሐምሌ አወዳድሩ፤ ጥርን ከሐምሌ ማወዳደር የምርት ወቅት ያመጣውን ለውጥ በንረት ማሳበብ ነው።

ደረጃ 8፦ የምንዛሪውን መስመር ጨምሩ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ1,000 ዶላር ግብዓት የሚያስመጣ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ 57,000 ይከፍልበት ለነበረው ከ100,000 በላይ ይከፍላል። የአፈር ማዳበሪያም ከውጭ ስለሚገባ ገብስ የሚዘራው ገበሬም ከዚህ ሒሳብ ውጭ አይደለም። በመለኪያችሁ ላይ ከውጭ የሚገቡትን በአንድ ወገን፣ የአገር ውስጡን በሌላ ወገን ለዩ። የመጀመሪያዎቹ ብቻ ዘልለው ከቆሙ የምንዛሪው ማስተካከያ ነው፤ የአገር ውስጡም ተከትሎ ወር በወር ከቀጠለ የገንዘብ አቅርቦቱን መልሳችሁ መርምሩ።

ደረጃ 9፦ ትንበያችሁን በቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ

የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ገደማ ይሰበሰባል። መግለጫው በወጣ ዕለት ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ዓምድ ተነካ፣ የማን፣ በባንካችሁና በገበያችሁ ላይ ምን ይከተላል። ለምሳሌ «የብድር ገደቡ ተነሥቷል፤ እስከ ቀጣዩ ስብሰባ የነጋዴ ብድር ይላላል፤ ብድሩ ምርትን ካላበዛ የግንባታ ዕቃ ይወደዳል» በሉ። ከቀጣዩ መግለጫ በፊት ከደረጃ 7 መለኪያችሁ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ቅድሚያ የሚታዩት አራት ናቸው፦ የአዝመራው ሁኔታ፣ መንገዱ፣ ምንዛሪው፣ እና ብሔራዊ ባንክ በሌላ በር ያስገባው ብር። የመጨረሻውን ለማወቅ ባንኩ የሚያወጣውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ክፈቱና ለመንግሥት የተሰጠውን ብድርና የውጭ ንብረቱን መስመር ከቀድሞው ሩብ ዓመት ጋር አነጻጽሩ።